ሦስተኛዋ መቁረጫ

ጽጌሬዳ ያን ቀን ሥራዋን አቋርጣ የወጣችው «አሞኛል» ብላ ነው። መዋሸቷም አልነበረም። ሄሮን ሰፈር ባለው ሆቴል፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ከማለዳ ጀምሮ ያጠፈችውን አንሶላ እየፈታች መልሳ ስታጥፍ ነበር የቆየችው። በሽታዋ ግን ሐኪም የሚያውቀው ዓይነት አይደለም። በሽታዋ ታናሽ ወንድሟ ልደቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልደቱ ዛሬ ከቀትር በኋላ አንዲት የአሉሚኒየም ዕቃ ቤታቸው ባለው ማሽን ቆርጦ በደንብ ካወጣ ጅቡቲ ይቀራል። ካበላሸ ደግሞ ነገ ጠዋት አንድ ደላላ ወደ ኦቦክ በሚያስነሳው መኪና ይሳፈራል፤ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን በእግር ወደ ሳዑዲ። ይህን ያለው እሱ ነው። «እሺ» ያለችው ደግሞ እሷ ራሷ ናት። ጭቅጭቁ ሲሰለቻት፣ ማሽኑም አያሳፍረንም ብላ ስለተማመነች፣ «እሺ፣ የማሽኑ ሦስቱም መቁረጫዎች ከተሰበሩ አላስቆምህም፤ በእናታችን!» ብላ ማለች። ሰው በእናቱ ከመማሉ በፊት ትንሽ ቢያስብ ምን አለበት? ከዚያ ወዲህ ሁለቱ መቁረጫዎች ተሰብረዋል።

ልደቱ ከኮምቦልቻ ሲመጣ «ትንሽ ላርፍ ነው» ብሎ ነበር የገባው። ጽጌሬዳ ግን የሚያልፉትን ልጆች ታውቃቸዋለች። ነጠላ ጫማ አድርገው፣ የውሃ ጠርሙስ አንጠልጥለው በመንገድ ዳር ሲሄዱ በየቀኑ ከአውቶቡስ መስኮት ታያቸዋለች። ወደዚያ ሲሄዱ እንጂ ሲመለሱ አይታቸው አታውቅም። ስለዚህ ወንድሟን ለማቆየት ያልሞከረችው የለም። ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አልቅሳም አየችው። በመጨረሻ ልቡን የያዘላት ማሽኑ ነው።

ማሽኑን የሰጣት በፊት ቤቱን ታጸዳለት የነበረ አንድ ፈረንሳዊ ነው፤ አገሩ ሲገባ ጥሎላት ሄደ። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ፣ ሲኤንሲ የሚሉት መቅረጫ ነው፤ ሰውየው በትርፍ ሰዓቱ እንጨት ይቀርጽበት ነበር። ጽጌሬዳ ለምን እንደሚሆን እንኳ ሳታውቅ ነበር በጋሪ አስጭና ወደ ሰፈሯ ካርቲየ ሰባት ያመጣችው። ልደቱ የብረታ ብረት ትምህርት ጀምሮ ያቋረጠ ልጅ ነውና ገና ሲያየው ዓይኑ በራ። በስልኩ ቪዲዮ እያየ ለመደው፤ የበር ላይ ስም፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የቁርአን ማስቀመጫ ከእንጨት እየቀረጸ ያወጣ ጀመር። የየመን ወሬም ቀዝቀዝ አለ።

ኋላ ጎሳዬ መጣ። ጎሳዬ በአዲስ አበባና በወደቡ መካከል የሚመላለሱ የኢትዮጵያ ከባድ መኪናዎች የሚጠገኑበት ጋራዥ ያለው ሰው ነው። አንድ መኪና የራዲያተሩ ማራገቢያ የሚታሰርበት አሉሚኒየም ተሰብሮበት ጋራዡ ውስጥ ቆሟል፤ መለዋወጫው ደግሞ ከተማው ውስጥ የለም። «ይቺን ልክ አድርገህ ካወጣህልኝ ጋራዤ ውስጥ ጥግ እሰጥሃለሁ፣ ማሽንህን ይዘህ ትገባለህ» አለው ልደቱን። «ካልሆነ ግን ሐሙስ ከቀትር በኋላ በሽቦ ጠፍሬም ቢሆን እሸኘዋለሁ። ሾፌሩ ወደብ ተራ ደርሶታል።» ሐሙስ ማለት ዛሬ ነው።

እንጨትና አሉሚኒየም ግን ለየቅል ናቸው። እንጨት ይቅር ይላል። አሉሚኒየም ሲሞቅ እንደ ማስቲካ ይለጠፋል፤ ከክብሪት እንጨት ብዙም የማትወፍረው መቁረጫ ላይ ከተጣበቀ ቀጭ ያደርጋታል። ፈረንሳዊው ለአሉሚኒየም የምትሆን መቁረጫ የተወላት ሦስት ብቻ ነው። ሌላ ለማግኘት አዲስ አበባ ልኮ ሳምንታት መጠበቅ ነው። የመጀመሪያዋ ስትሰበር ልደቱ «ፍጥነቱ በዝቶባት ነው» ብሎ አካሄዱን ቀነሰ። ሁለተኛዋ ስትሰበር «ብረቱ ነው ቆሻሻው፣ የቀለጠ ድስት ነው የሰጡኝ» ብሎ ጎሳዬን ሌላ ዝርግ አሉሚኒየም አስመጣ። ሁለቱም ጊዜ አጀማመሩ የሚያምር ነበር፤ ሁለቱም ጊዜ መሃል ላይ ነው ጉድ የሆነው።

በዚህ ቤት ማሽን የሚነሳው ደግሞ ከቀትር በኋላ፣ የቀኑ ጫት ከኢትዮጵያ ሲገባ ብቻ ነው። ምክንያቱ አከራያቸው ከሊፋ ነው። ከሊፋ ከወደብ ሥራ ጡረታ የወጣ፣ ግድግዳ የሚጋራቸው፣ ጠዋት ጠዋት እንቅልፍ የሚወድ ሽማግሌ ነው። አንድ ቀን በማለዳ ማሽኑ ቢጮህበት ሽርጡን እንዳገለደመ መጥቶ በሩን ደበደበ። «ሁለተኛ ይሄን ጩኸት በጠዋት ብሰማ ወላሂ መብራታችሁን ነው የምቆርጠው!» አለ። ይችላልም፤ መብራታቸው የሚመጣው ከሱ ቆጣሪ፣ ከግድግዳው በላይ በተሳበች ቀጭን ሽቦ ነው። ጫቱ ከገባ በኋላ ግን ከሊፋ ሌላ ሰው ነው። ጓደኞቹ መብረዙ ውስጥ፣ ያም ማለት መቃሚያ ክፍሉ ውስጥ ይሰበሰቡለታል፤ መቃም ከተጀመረ ጣሪያው ቢናድበትም «ማሻላህ» ይላል እንጂ አይቆጣም። ልደቱ ይህን አይቶ ሥራውን ሁሉ ወደዚያ ሰዓት አዞረው። ጽጌሬዳም «ብልህ ልጅ» ብላ አሞግሳው ነበር።

ቤት ስትደርስ መንገዱ በመኪና ጥሩምባ ደምቆ ነበር። ጫቱ ገብቷል። ሻጮቹ ሴቶች በእርጥብ ጆንያ የሸፈኑትን እስር በየጠረጴዛቸው ደርድረዋል፤ ወንዱ እየተጋፋ ይገዛል። ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ አቧራውን እየጠረገ ፊት ላይ ይበትነዋል። በሩን ገፋ አድርጋ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው የልደቱን ቦርሳ ነው፤ ዚፑ ተዘግቶ ግድግዳ ተደግፏል።

«ምነው መጣሽ?» አለ ልደቱ ቀና ሳይል። አሉሚኒየሙን ማሽኑ ላይ እያሰረ ነበር።

«ላየው ነዋ።»

«አንቺ ስትኖሪ እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«የሚቆርጠው ማሽኑ አይደል እንዴ? ያንተን እጅ ምን አገባው?»

ሳይወድ ፈገግ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ፊቱ ጠቆረ። «እሺ፣ እዚያ ጋ ቁሚ። እንዳትነኪ ብቻ። ምንም ነገር እንዳትነኪ ጽጌ፣ ይቺ የመጨረሻዋ ናት።»

የጆሮ መድፈኛውን አደረገ፤ አሉሚኒየሙ እንዳይለጠፍ በሐኪም መርፌ ነጭ ጋዝ ቀድቶ ያዘ፤ ኮምፒዩተሩን ነካው። ሞተሩ ፊሽካ የመሰለ ቀጭን ድምፅ አውጥቶ ተነሳና መቁረጫዋ ቀስ ብላ ወረደች። ብረቱን ስትነካ ጽጌሬዳ ጥርሷን ነከሰች። ልደቱ ጎንበስ ብሎ ነጭ ጋዙን ጠብ ጠብ ያደርጋል፤ የሚያብረቀርቅ ፍቅፋቂ እየተፈናጠረ ሸሚዙ ላይ ያርፋል። መጀመሪያ የውጭው ዙር፣ ቀጥሎ መሃሉ፣ መጨረሻ የብሎን ቀዳዳዎቹ፤ ልደቱ ደጋግሞ ስለነገራት በቃሏ ታውቀዋለች።

መቁረጫዋን ማየት አልቻለችም። ባየቻት ቁጥር የምትሰበር እየመሰላት ዓይኗን ወዲያ ወዲህ ታንከራትታለች። ጣሪያውን አየች፤ ቦርሳውን አየችና ቶሎ ተወችው፤ ጥግ ላይ የሚዞረውን ቬንትሌተር አየች። እሱ ይሻላል ብላ ዓይኗን እሱ ላይ ተከለች። በልቧ «እመቤቴ፣ አደራሽን፣ እመቤቴ፣ አደራሽን» ትላለች። ሌላ ቀን በዚህ ሰዓት ሆቴል ናት፤ ሁለቱ መቁረጫዎች ሲሰበሩም አልነበረችም። ዛሬ ቆማ የምታየውን ነገር ሰው ቢነግራት ኖሮ አታምንም ነበር።

ከግድግዳው ማዶ ሳቅ ተሰማ። በር ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ሌላም ሰው ገባ፤ ከዚያ አንድ የሚያጉረመርም ነገር ተነሳ። ወዲያው የቬንትሌተሩ ምላሶች አንድ በአንድ ይታዩዋት ጀመር። ቅድም ክብ ሆነው የሚታዩ ነበሩ። አምፖሉም ቢጫ ሆነ። ሌላ ማጉረምረም ተጨመረና የማሽኑ ሞተር ፊሽካውን ትቶ እንደ ጉንፋናም ሰው ጎረነነ። ልደቱ ጆሮው ተደፍኗል፤ ዓይኑ ነጭ ጋዙ ላይ ነው። መቁረጫዋ ግን ሞተሩ ደከመ አልደከመ ሳትል ወደ ብረቱ መገፋቷን አላቆመችም።

ጽጌሬዳ አላሰበችም። ዘለለችና የማሽኑን ማቆሚያ ቀዩን ቁልፍ በመዳፏ መታችው።

ማሽኑ ጸጥ አለ። ልደቱ የጆሮ መድፈኛውን ነቅሎ ወረወረ።

«ምን አደረግሽ? ምን አልኩሽ እኔ? እንዳትነኪ አላልኩሽም?»

«ልዴ፣ ስማኝ...»

«መሰበሯን ማየት ስላልፈለግሽ አንቺ ራስሽ አበላሸሽው! ከሦስት አንድ እንኳ በራሴ ልጨርስ ብል!» ድምፁ ተሰነጠቀ። ሲቆጣ ይሻላል፤ ሊያለቅስ ሲል ግን አንጀቷን ይበላታል።

«ቬንትሌተሩን እየው!» ብላ ጮኸችበት። «እየው አንዴ! አንካሳ ሆኗል!»

አየው። አምፖሉንም አየው። ከዚያ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጠፈና ከማዶ የሚያጉረመርመውን ሰማ። ቀስ ብሎ ሞተሩን ወደ ላይ አነሳው፤ መቁረጫዋ ደህና ናት፣ ጫፏ ላይ ትንሽ አሉሚኒየም ተለጥፎባታል እንጂ።

«ክሊሙ ነው» አለ በሹክሹክታ። የአየር ማቀዝቀዣን እዚህ ክሊም ነው የሚሉት። «ጓደኞቹ ሲገቡለት ሁለቱንም ክሊም ይከፍታቸዋል። ሽቦው አንድ፣ እሱም ቀጭን። የኛ ሞተር አቅም ያጣል፤ መቁረጫዋን የሚገፋው ክፍል ደግሞ መብራቱን የሚያስተካክልለት የራሱ ሳጥን ስላለው አይደክምም፣ ዝም ብሎ ይገፋል።» ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። «እንጨት ሲሆን ምንም አልነበረም። ሰዓቱን የመረጥኩት እኔው! ከሊፋ እንዳይሰማ ብዬ፣ ከሊፋ ክሊሙን የሚከፍትበትን ሰዓት!»

«እንግዲያው ምክንያቱ ተገኘ። ሲያጠፉት ትቆርጣለህ።»

«ሳይመሽ አያጠፉትም። ጎሳዬ አይጠብቀኝም።» መሬት ላይ ተቀመጠና ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «በቃ ጽጌ። ተይው።»

ይህ «ተይው» ከቁጣው ሁሉ በላይ አስደነገጣት። ተቆጥቶ ቢሄድ ተመልሶ ይመጣ ይሆናል። እንዲህ ጸጥ ብሎ የሚሄድ ሰው ግን አይመለስም ብላ አሰበች። ነጠላዋን እንኳ ሳታነሳ ወጣች።

ሴት ልጅ የወንዶች መብረዝ አትገባም። ጫት የምታቀብል ካልሆነች በቀር በሩን አታልፍም፤ ይህን ለመንገር የተጻፈ ነገር አያስፈልግም፣ አገር ያውቀዋል። ጽጌሬዳ ዓይኗን በጨው አጥባ ገባች። ቅዝቃዜው ፊቷን መታት። ወፍራም ትራስ ተደግፈው፣ ጉንጫቸው አብጦ፣ ሽርጥና ካናቴራ የለበሱ ወንዶች ዙሪያውን ተቀምጠዋል።

«ምን ሆንሽ አንቺ?» አለ ከሊፋ። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ነው፤ አማርኛው ከሷ ይፈጥናል። «ቤት ተቃጠለ?»

«አዴር ከሊፋ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ክሊሙን ያጥፉልኝ። ሁለቱንም።» አዴር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው።

ሁሉም ሳቀ። «በዚህ ካምሲን?» አለ አንዱ እንባውን እየጠረገ። «ማዳም፣ ልትቀቅይን ነው እንዴ?»

«ለትንሽ ጊዜ ነው።»

«አቦ ጽጌ፣» አለ ከሊፋ፣ «መብራት በነጻ አለ እንዴ እዚህ? የኔ ክሊም፣ የኔ ቤት፣ የኔ እንግዳ! ያ ማሽናችሁ ለምን አያርፍም?»

በደንብ ልታስረዳቸው አስባ ነበር፤ ስለ ሽቦው፣ ስለ ሞተሩ። አፏን ስትከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው። «ወንድሜ ነገ ሊሄድብኝ ነው» አለች። «ዛሬ ያቺን ዕቃ ካላወጣ ነገ ኦቦክ ነው። ቦርሳውን አዘጋጅቷል። ማስቆም አልችልም፣ ምያለሁ። አዴር፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ?» መውደቅም ጀምራ ነበር፤ ከሊፋ በእጁ አገዳት።

«አንዱ ቢቀር ምን ሊጠቅም ነው?» አለ ከጥግ የተቀመጠ ቀጭን ሰውዬ፣ በክፋት አልነበረም። «በየቀኑ ስንት ያልፋል።»

«እኔ አንድ ነው ያለኝ» አለች ጽጌሬዳ።

ከሊፋ ጉንጩ ውስጥ ያለውን ቅጠል ወደ ሌላው ጉንጩ አዛወረ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ መቆጣጠሪያውን አነሳና አንዱን አጠፋ፤ ሌላውንም አጠፋ። «ድሮ አባቶቻችን በክሊም ነው እንዴ የሚቅሙት?» አለ ለጓደኞቹ። «ትንሽ ቢያልበን ምርቃናው ይጠናል። መስኮቱን ክፈቱ። አንቺ ሂጂ፣ ቶሎ በይው!»

ስትመለስ ልደቱ ቆሞ ነበር፤ አምፖሉ ሲነጣ አይቷል። የተለጠፈውን አሉሚኒየም በጥፍሩ ፈቅፍቆ ከመቁረጫዋ አነሳ፤ ማሽኑ መነሻ ቦታውን እንዳልሳተ ደጋግሞ አረጋገጠና ከቆመበት አስቀጠለው። ፊሽካው ተመለሰ። ጽጌሬዳ በዚህኛው ጊዜ ዓይኗን ከቬንትሌተሩ አልነቀለችም። አንዴ ምላሶቹ የታዩዋት መሰላትና እጇ ወደ ቀዩ ቁልፍ ሄደ፤ ዓይኗ ነበር የዋሻት። ላብ ጀርባዋ ላይ ይወርዳል። ከማዶ «ወላሂ ልሞት ነው!» የሚል ድምፅና የከሊፋ «ታገስ!» ይሰማል። የውጭው ዙር አለቀ። መሃሉ አለቀ። የመጀመሪያው ቀዳዳ፣ ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ጋ ትንፋሿን ትይዛለች፣ ሲያልፍ ትለቃለች። በመጨረሻ ሞተሩ ራሱ ወደ ላይ ተነሳና ዝም አለ። ልደቱ ዕቃዋን ፈትቶ አወጣት፤ እየፋጀችውም ከእጅ እጅ ሲቀያይራት ይስቅ ነበር። ከተሰበረችው ጋር ገጠማት። ቀዳዳው ከቀዳዳው ገጠመ።

ጫማውን በቅጡ ሳያጠልቅ ሮጠ። ጽጌሬዳ ከሊፋን ልታመሰግን ወጣች፤ ሽማግሌው ውሃ እንደገባ ሰው ረጥቦ በሩ ላይ ቆሟል። «ሠራ?» አላት። «ሠራ» አለችው። ክሊሙን ሊከፍት ተመለሰ። ያን ሁሉ ጊዜ ያልወጣላት እንባ ያኔ ወጣላት፤ መንገድ ላይ፣ ጫት ሻጮቹ እያዩዋት፣ ምንም ሳታፍር አለቀሰች።

ልደቱ የተመለሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ፊቱ ላይ የሞተር ዘይት ነበር። «ልክ ገባች» አለ። «መኪናው ወደብ ሄደ። ጎሳዬ ‹ነገ በጠዋት ና› አለኝ።» ነገ የሚለውን ቃል ስትሰማ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ወዲያው ስልኩን አወጣና «አሁን ለደላላው ልደውልለት፣ አንቺም ስሚ» ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገው።

ደላላው ቶሎ አነሳ። «ወንድሜ ልደቱ! ተዘጋጀህ?»

«አልሄድም። ሥራ አገኘሁ።»

«እንኳን ደስ ያለህ» አለ ደላላው፤ የተቀየመ አይመስልም። «ስለ ቦታው አታስብ። ተጠባባቂ አጠገቤ ሞልቷል።» ከዚያ ስልኩን ራቅ አድርጎ ሲጣራ ተሰማ። «አንተ! ቅድም መኪናው ሞልቷል ያልኩህ! ና፣ ቦታ ተገኘልህ!»

«ተገኘ? ለኔ?» አለ አንድ ወጣት። የወሎ ልጅ ነው፣ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። «ተመስገን! ተመስገን አምላኬ! እመቤቴ፣ ለካ አልረሳሽኝም!»

ጽጌሬዳ ስልኩን ከወንድሟ እጅ ነጠቀች። «ወንድሜ፣ ማነህ? ስምህ ማነው?» አለች። ደላላው ስሙን ሊመዘግብ ስልኩን ለልጁ አስይዞ ነበርና የሰማት ልጁ ነው፣ በደስታ ለማንም የሚመልስበት ሰዓት ላይ ነበር።

«ማን ልበል?»

«እህት አለችህ?»

«አለችኝ» አለ ልጁ እየሳቀ። «እሷ መሄዴን አታውቅም። እዚያ ስደርስ ነው የምደውልላት።»

ደላላው ስልኩን ተቀበለውና ዘጋው።